የጦስኝ ዘይት በጆንያ አይሸጥም

በአዲስ አበባ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ካዛንቺስ ውስጥ ሻይ ቤት ገብቶ «አንድ ሻይ በጦስኝ» ብሎ ማዘዝ የተለመደ ነው። የከተማው ሰው ቅጠሉ ከየት እንደመጣ ብዙም አይጠይቅም። ጉንፋን ሲይዘው ይጠጣዋል፤ ሳል ሲበረታበት ያፈላዋል፤ ከጤና አዳምና ከዳማከሴ ጋር በአንድ ጉልት ያገኘዋል። ሰፈሩ ስሙን የወሰደው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት ይሠራ ከነበረ ተቋም ምህጻረ ቃል ነው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት አሮጌዎቹ ቤቶች ሲነሱ የሰፈሩ መልክ ተለውጧል። የጦስኝ ፈላጊው ግን አልቀነሰም፤ ቅጠሉ ዛሬ በላስቲክ ታሽጎ በሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይም ይታያል።

በዚሁ ሰፈር አጠገብ የአፍሪካ አዳራሽ አለ። በ1953 ዓ.ም. ከተመረቀ ጀምሮ የአህጉሪቱ መሪዎችና የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች የሚሰበሰቡበት፣ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን የሚገኝበት ግቢ ነው። «አፍሪካ ጥሬ ምርቷን እሴት ሳትጨምርበት መሸጥ ይብቃት» የሚለው ንግግር በዚህ ግቢ ለአሥርተ ዓመታት ሲደመጥ ኖሯል። ከአጥሩ ውጪ ግን ከሰሜን ሸዋ ደጋ የተጫነው ጦስኝ እንደ ድሮው በጆንያ እየገባ፣ በእፍኝ እየተሰፈረ ይሸጣል። ገበሬው የሚከፈለው የቅጠል ዋጋ ነው። በቅጠሉ ውስጥ ላለው ዘይት የከፈለው የለም። ከዘይቱም የተወሰነው ገና ሜዳ ላይ በፀሐይ ሲደርቅ ተንኖ አልቋል።

ጦስኝ ባክቴሪያንና ሻጋታን የመግታት ኃይል እንዳለው ያለ ጥርጥር ታውቋል። ያልተሠራው ሥራ ያለው በቤተ ሙከራው ውጤትና በገበሬው ማሳ፣ ጎተራና በረት መካከል ነው። ይህን ክፍተት ለመሙላት በመጀመሪያ መንቀሳቀስ ያለበት ደግሞ ተክሉ የሚበቅልበት ወረዳ እንጂ አዲስ አበባ ያለ ነጋዴ አይደለም።

ተክሉ የኢትዮጵያ ነው። በሀገሪቱ ደጋዎች ሁለት የጦስኝ ዝርያዎች ይበቅላሉ፤ ሁለቱም የዚህ አካባቢ ብቻ ናቸው። አንደኛው ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን በትግራይ ኖሮ በአድዋ ከሞተው ጀርመናዊው የዕጽዋት ተመራማሪ ከቪልሄልም ሺምፐር ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,250 እስከ 4,000 ሜትር ባለው ከፍታ፣ ድንጋያማ በሆነ መሬት ላይ ተነጥፎ ይበቅላል። በጣርማ በርና በደብረ ሲና አካባቢ፣ በመንዝ፣ በስሜንና በባሌ ተራሮች የሚያልፍ መንገደኛ በእግሩ ሲረግጠው ሽታው ያውደዋል።

ያ ሽታ ነው መድኃኒቱ። ሽታውን የሚሰጡት ቲሞልና ካርቫክሮል የተባሉ ሁለት ውሁዶች ናቸው። ሁለቱም ባክቴሪያውንና ሻጋታውን የሸፈነውን ስስ ሽፋን ይሰብራሉ። ሽፋኑ ሲበሳ በውስጡ ያለው ጨውና ለሕይወቱ የሚያስፈልገው ኃይል ፈስሶ ይወጣል፤ ተሕዋሱም ይሞታል ወይም መራባት ያቆማል። በቤተ ሙከራ ይህን ማየት ቀላል ነው። ባክቴሪያ በተዘራበት ሳህን መሐል ዘይት የነካ ትንሽ ወረቀት ይቀመጣል። በማግስቱ ሳህኑ በሙሉ በባክቴሪያ ሲሸፈን በወረቀቱ ዙሪያ ግን ጥርት ያለ ክብ ይቀራል። ክቡ በሰፋ ቁጥር ዘይቱ ኃይለኛ ነው ይባላል። ሁሉም ባክቴሪያ ግን እኩል አይሸነፍም፤ አንዳንዶቹ ከውጭ ተጨማሪ ሽፋን ስላላቸው ዘይቱን ይቋቋሙታል።

ነገሩ ለገበሬው ቤት እንግዳ አይደለም። የወተት ዕቃ በወይራና በጥንጁት የሚታጠነው ለሽታ ብቻ አይደለም፤ ጭሱ ወተቱን ቶሎ የሚያበላሹ ተሕዋስያንን ስለሚቀንስ ነው። ቅቤ ሲነጠር ኮሰረትና ኮረሪማ የሚጨመርበት፣ በርበሬ ሲደለዝ ነጭ አዝሙድና ጥቁር አዝሙድ የሚገባበት ምክንያት ጣዕም ብቻ ቢሆን ኖሮ ንጥር ቅቤ ያን ያህል ጊዜ ባልቆየ ነበር። ሳህንና ወረቀት ያልነበራቸው እናቶች ለዘመናት የደረሱበትን ዕውቀት ሳይንስ ዘግይቶ ስም ሰጠው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥቶ «ጦስኝ ሁሉን ያድናል» ማለት ሌላ ነገር ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ ፌጦ፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት በየገበያው እንዴት እንደተፈለጉ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል በየቤቱ እንዴት እንደተታጠነ የሚረሳ አይደለም። ሕዝቡ በጭንቅ ሰዓት ወደሚያውቀው መዞሩ አይፈረድበትም። የሚያስወቅሰው ማይክሮፎን የያዘ ኃላፊ ሳህን ላይ የታየውን ክብ ይዞ ለሰው ሳንባ ፈውስ አለ ብሎ ሲናገር ነው። ሳህን ላይ የሞተ ባክቴሪያ በሰው አካል ውስጥም ይሞታል ማለት አይደለም። ሳይቀጠን የተቀባ የጦስኝ ዘይት ቆዳን ያቃጥላል፤ ዓይንና የአፍ ውስጥ ቆዳን ይጎዳል። ሐኪም ያዘዘለትን አንቲባዮቲክ አቋርጦ ወደ ዘይት የሚዞር ሕመምተኛ ራሱንም ቤተሰቡንም አደጋ ላይ ይጥላል። ስለዚህ የመድኃኒቱን ጉዳይ ለጤና ተመራማሪዎች መተው ይበጃል። ለግብርናው ቤት የሚበቃ ሌላ ሥራ አለ።

ያ ሥራ ወደ ካዛንቺሱ ሻይ ቤት ወተት ይመልሳል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ካሉ አምራቾችና ነጋዴዎች 110 የወተት ናሙናዎችን መርምሮ ነበር። በሁሉም ናሙናዎች ውስጥ አፍላቶክሲን ኤም 1 የተባለው የሻጋታ መርዝ ተገኘ። የአውሮፓ ኅብረት ለወተት ካስቀመጠው ጣሪያ፣ ማለትም በአንድ ሊትር 0.05 ማይክሮግራም፣ ያልበለጡት ዘጠኝ ናሙናዎች ብቻ ነበሩ። 29ኙ ደግሞ ከ0.5 ማይክሮግራም በላይ ነበሩ። መርዙ ወደ ወተቱ የገባው ከመኖ ነው፤ ጣት በዋናነት የተቀሰረውም በኑግ ፋጉሎ ላይ ነበር። ዜናው በተሰማ ጊዜ የከተማው ሸማች ወተት ሸሸ። የከሰረው ግን መርዙን የማያየው፣ የማይሸተው ላም አርቢ ነው።

ሻጋታው አስፐርጊለስ ፍላቨስ ይባላል። ፋጉሎ፣ በቆሎ፣ ለውዝና በርበሬ እርጥበት ይዘው ሲከማቹ ይመቸዋል። ላሟ የበላችው መርዝ በጉበቷ ተለውጦ በወተቷ ይወጣል። ወተቱን ማፍላት አያጠፋውም። ለረጅም ጊዜ የወሰደውን ሰው ለጉበት ካንሰር ያጋልጣል። የጦስኝና የመሰሎቹ ዘይቶች ለግብርና ያላቸው ትልቁ ተስፋ እዚህ ላይ ነው፤ ቲሞል ይህንኑ ሻጋታ እንዳያድግና መርዝ እንዳያመነጭ እንደሚገታ በተለያዩ አገሮች ቤተ ሙከራዎች በተደጋጋሚ ታይቷል። ዘይቱ ስለሚተን በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ትነቱ ራሱ እህሉ መካከል ገብቶ ይሠራል፤ መርጨት እንኳ ላያስፈልግ ይችላል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር በግልጽ መባል አለበት። ዘይቱ ሻጋታውን ይከላከላል እንጂ አስቀድሞ የተመረተውን መርዝ አያነሣም። የሻገተ ፋጉሎ ላይ ጦስኝ የሚያርከፈክፍ ነጋዴ ቢመጣ ሽታውን አሳምሮ መርዙን ሸጠ ማለት ነው። እህልን በሚገባ ማድረቅ፣ ከመሬት ከፍ አድርጎ ማስቀመጥና አየር በማያስገባ ከረጢት መያዝ ከማንኛውም ዘይት ይቀድማል። ይህን ያላስተማረ የግብርና ባለሙያ ስለ ዘይት ባያነሣ ይሻላል።

ሌሎችም ችግሮች አሉ። ዘይቱ በብርሃንና በአየር ይደክማል። ሽታው እህሉ ላይ ይቀራል፤ ጦስኝ ጦስኝ የሚል እንጀራ ማንም አይገዛም። መጠኑ ከበዛ የዘርን የመብቀል አቅም ይቀንሳል፤ ስለዚህ ለዘር ጎተራ በዘፈቀደ የሚደረግ አይደለም። ስብና ፕሮቲን ባለበት ነገር ውስጥ ደግሞ ዘይቱ ከእነሱ ጋር ስለሚጣበቅ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ሳህን ላይ በጥቂት ጠብታ የሠራው መኖ ውስጥ ብዙ ሊፈልግ ይችላል። ዋጋውም አለ። ከአንድ ኩንታል ደረቅ የጦስኝ ቅጠል የሚወጣው ዘይት ከአንድ እስከ ሁለት ኪሎ ገደማ ነው። በዚህ ስሌት የአንድ ቀበሌ የስንዴ ጎተራ በሙሉ በጦስኝ ዘይት ይጠበቃል ብሎ ማቀድ ሕልም ነው። የሚያዋጣው በትንሽ መጠን ብዙ ጥቅም የሚሰጥበትን ቦታ መርጦ መጀመር ነው፤ የዶሮ መኖ፣ የማለቢያ ዕቃና የእጅ ማጠቢያ ሳሙና፣ ለቅመም የሚውል ምርት ማከማቻ።

የዶሮ መኖው ነገር እንዲሁ የተወረወረ ሐሳብ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2006 መባቻ ጀምሮ አንቲባዮቲክን ለእንስሳት ማድለቢያ በመኖ ውስጥ መጨመር ሲከለክል የመኖ ፋብሪካዎች ምትክ መፈለግ ነበረባቸው። ብዙዎቹ የዞሩት ቲሞልና ካርቫክሮል ወዳላቸው የዕጽዋት ዘይቶች ነው። ቢሾፍቱ አካባቢ ያለ ዶሮ አርቢ ዛሬ ከውጭ በሚገባ የመኖ ማጣፈጫ ከረጢት ላይ የእነዚህን ውሁዶች ስም ቢያነብ ሊደነቅ አይገባም። የሚያስደንቀው ከዚያው ከቢሾፍቱ የአንድ ቀን የጭነት መንገድ በማይሞላ ርቀት ላይ ያለው ደጋ ያንኑ ውሁድ በጆንያ እያሰረ በሻይ ቅጠል ስም መላኩ ነው።

ዘይት ማውጣቱ ራሱ የረቀቀ ጥበብ አይደለም። ካቲካላ የምታወጣ ሴት ግማሹን ታውቀዋለች። ጋን፣ እሳት፣ መቃ፣ የሚቀዘቅዝበት ውኃ። ልዩነቱ እዚህ ላይ እንፋሎቱ ከሥር ተነሥቶ በታጨቀው ቅጠል መካከል ማለፉና ዘይቱን ይዞ መውጣቱ ነው። ሲቀዘቅዝ ውኃው ከታች ይቀራል፤ ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል። ዕቃው ግን ከማይዝግ ብረት መሠራት አለበት፤ ቲሞል ተራ ብረት ሲነካ ዘይቱ ይጠቁርና ገዢ ያጣል። ቅጠሉም በጥላ ሥር እንጂ በጠራራ ፀሐይ አይደርቅም። በጥላ ማድረቅ ገንዘብ አያስወጣም፤ ዛሬውኑ ሊጀመር የሚችል ነገር ነው።

የማገዶው ጥያቄ ግን ከባድ ነው። ደጋው ማገዶ የተራበ አገር ነው፤ ኩበት ለማሳ ሳይሆን ለምድጃ የሚሄድበት። ማጣሪያ ተክሎ ለእሳቱ ዛፍ መጨፍጨፍ ከተጀመረ ልማቱ አካባቢውን ይጎዳል። እዚህ ላይ ባሕር ዛፍ ሁለት ጊዜ ይጠቅማል። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ይህ ዛፍ ግንዱ ለምሰሶና ለአጠና ሲቆረጥ ቅጠሉ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ይቀራል፤ ወይም ከእንጦጦ ሴቶች በጀርባቸው ተሸክመው ለእንጀራ ምጣድ ይወርዳል። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ዘይትም ተሕዋስያንን የሚገታ ውሁድ አለው፤ በዓለም ገበያም ለሳል ከረሜላና ለማሻሻ ቅባት የሚውል ነው። አንድ ማጣሪያ ጦስኝ በማይሰበሰብበት ወቅት የባሕር ዛፍ ቅጠል ቢያጣራ ሥራ አይፈታም። የተጣራው ቅጠል ደርቆ ራሱ ለቀጣዩ እሳት ማገዶ ይሆናል።

ቲሞልን ለማግኘት የግድ ወደ ተራራ መውጣትም አያስፈልግም። ነጭ አዝሙድ የቲሞል ዘር ነው ማለት ይቻላል። ከዘሩ ከ2 እስከ 4 በመቶ የሚሆን ዘይት ይወጣል፤ የዘይቱ ዋና አካል ቲሞል ነው። በኬሚካል ፋብሪካ መሥራት ከመለመዱ በፊት የዓለም ገበያ ቲሞልን በብዛት ያገኝ የነበረው ከዚህ ዘር ነበር። በአማራ ክልል ገበሬው ነጭ አዝሙድን በማሳው ይዘራል፣ ያጭዳል፣ ይወቃል። መንገዱን ያውቀዋል። እንደ ዱር ጦስኝ ሥሩ ተነቅሎ ያልቃል ተብሎ አይፈራለትም። ለመድኃኒትና ለመዓዛማ ዕጽዋት ምርምር የታወቀው የወንዶ ገነት ግብርና ምርምር ማዕከል እንደ ሎሚ ሳር፣ ናናና የጥብስ ቅጠል ባሉ ተክሎች ላይ የሠራው ሥራ ማሳያ ነው፤ መዓዛማ ተክል ዘርቶ፣ አጭዶ፣ ዘይት አውጥቶ መሸጥ በኢትዮጵያ የሚሠራ ነገር ነው። የክልሉ የግብርና ምርምር ማዕከላትም ነጭ አዝሙድን ከቅመምነቱ አልፈው በዘይቱ መጠን ዝርያ ቢመርጡለት የሚገኘው ጥቅም ቀላል አይሆንም።

ከሌላው ዓለም ልምድ መውሰድ ካስፈለገ አውስትራሊያ ጥሩ ምሳሌ ናት። እዚያ «ቲ ትሪ» የተባለ የዱር ዛፍ አለ። አርተር ፔንፎልድ የተባለ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ዘይቱ ተሕዋስያንን እንደሚገድል አሳወቀ። ለአሥርተ ዓመታት ቅጠሉ ከዱር እየታጨደ ዘይቱ ሲሸጥ ቢቆይም ገበያው ከፍና ዝቅ እያለ ኖረ። ለውጡ የመጣው ዛፉ በማሳ መተከል ሲጀምርና እ.ኤ.አ. በ1996 ዓለም አቀፍ የጥራት ደረጃ ሲወጣለት ነው። ያ ደረጃ በዘይቱ ውስጥ ዋናው ውሁድ ቢያንስ 30 በመቶ መሆን አለበት ይል ነበር። ገዢው ከዚያ በኋላ ጠርሙሱን ሳያሸት መግዛት ቻለ።

ጦስኝ የጎደለው ይኸው ነው። የአንዱ አካባቢ ጦስኝ ካርቫክሮል ይበዛዋል፤ የሌላው ቲሞል፤ ሁለቱም የሚያንሱበት ጦስኝም አለ። ሁሉም በአንድ ጆንያ ሲደባለቅ ገዢው ምን እንደገዛ አያውቅም። መኖ ፋብሪካ ደግሞ ዛሬ አንድ ዓይነት፣ ነገ ሌላ ዓይነት ዘይት አይቀበልም። ስለዚህ አንድ ወረዳ ማጣሪያ ከመግዛቱ በፊት የአካባቢውን ጦስኝ ከየቀበሌው ሰብስቦ በዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ማስመርመር አለበት። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ለሰሜን ሸዋ ወረዳዎች ሩቅ አይደለም። ምርመራው ከማጣሪያው ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ትንሽ ነው፤ ውጤቱ ግን ከየትኛው ተራራ ላይ ችግኝ እንደሚወሰድ ይወስናል። በሪባን ቆረጣ ተመርቆ ቅጠል ያጣ ማጣሪያ ከማየት ይህ ይሻላል።

ከሁሉ የሚያስጨንቀው ግን የአነቃቀሉ ነገር ነው። ጦስኝ ሥሩ ጥልቅ አይደለም፤ በእጅ ሲጎተት ከነሥሩ ይወጣል። ፈላጊው ሲበዛ ለቃሚው፣ ብዙውን ጊዜ ከብት ጠባቂ ልጅ፣ በማጭድ ከማጨድ ይልቅ መንቀሉ ይፈጥነዋል። የተነቀለበት ቦታ መልሶ ለመሸፈን ዓመታት ይፈልጋል፤ ቁልቁለት ላይ ከሆነ አፈሩ ቀድሞ ይሄዳል። ዘይቱ ዋጋ ካገኘ ደግሞ ነቀላው ይብሳል። ይህ ሳይታሰብበት የሚመጣ ማጣሪያ በሦስት ዓመት ውስጥ ራሱን የሚያስርብ ነው።

መላው ከዚያው አገር ይገኛል። የመንዝ ሕዝብ የጓሳን ሳር ለመቶዎች ዓመታት የጠበቀው «ቄሮ» በሚባለው የራሱ ሥርዓት ነበር። አካባቢው ለተከታታይ ዓመታት ይዘጋል፤ ሳሩ ሲደርስ በተመረጡ መሪዎች ፈቃድ በቀን ተቆርጦ ይታጨዳል፤ ያለ ፈቃድ የገባ ይቀጣል። ሥርዓቱ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ቢዳከምም ማኅበረሰቡ ጓሳን ዛሬም በጋራ ይጠብቃል። ጦስኝ የሚበቅልበት ተራራ በተመሳሳይ ሕገ ደንብ ቢያዝ፣ አጨዳው ከአበባ በኋላ በማጭድ ብቻ ቢሆን፣ አንዱ ጎን ሲታጨድ ሌላው ቢያርፍ፣ ከአዲስ አበባ ባለሙያ ከሚመጣ መመሪያ በላይ ይከበራል። የመንዝ ሰው ይህን ከማንም መማር አያስፈልገውም።

ስለ ባለቤትነትም አንድ ቃል ያስፈልጋል። አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት አካባቢ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይቶ የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣን በእንዶድ መግደል እንደሚቻል አረጋገጠ። ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘበት። በ1990ዎቹ ግን በአሜሪካ የሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድን በሐይቆች ለሚዛመት ሌላ ዓይነት ቀንድ አውጣ መሰል ፍጡር መቆጣጠሪያ በስሙ የፈጠራ መብት ወሰደበት። ለዘመናት ልብሳቸውን በእንዶድ ያጠቡት ሴቶች ከዚያ መብት ምንም አላገኙም።

ከዚያ በኋላ የወጣው የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አዋጅ ቁጥር 482/1998 ለዚህ በር ዘግቷል። ሀብቱን ለምርምር ወይም ለአዲስ ውጤት ለመጠቀም የሚፈልግ አካል ከኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ማግኘት አለበት፤ መንግሥት ከዚህ ከሚያገኘው የገንዘብ ጥቅም ግማሹ የማኅበረሰቡ ነው። ችግሩ ብዙ የቀበሌ አመራር ይህን አዋጅ አያውቀውም። አንድ ናሙና ሰብሳቢ በመኪና መጥቶ አንድ ከረጢት ጦስኝ ከነሥሩ ይዞ ቢሄድ የሚጠይቀው አይኖርም። አዋጁ ተራ የገበያ ሽያጭን አይመለከትም፤ የሻይ ጦስኝ የሚሸጥ ገበሬ መፍራት የለበትም። ቀበሌው ግን ልዩነቱን ማወቅ ይገባዋል።

ሌላው አዋጅ ቁጥር 674/2002 ነው። ማንኛውም ዘይት «ሻጋታ ይከላከላል»፣ «ተባይ ይገድላል» ተብሎ ለገበሬ ከመሸጡ በፊት እንደ ፀረ ተባይ መመዝገብ አለበት። ከተፈጥሮ መምጣቱ ነፃ አያደርገውም። የወጣቶች ማኅበር አደራጅቶ ጠርሙስ ላይ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ማስለጠፍ ወጣቶቹን ከሕግ ጋር ማጋጨት ነው። ሳሙና፣ ቅመም ወይም ለመኖ ፋብሪካ የሚቀርብ ጥሬ ዘይት ቢሆን መንገዱ ሌላና አጭር ነው። ይህን ቀድሞ መለየት የወረዳው ንግድና ግብርና ጽሕፈት ቤቶች የጋራ ሥራ ነው።

አንዳንድ የወረዳ ኃላፊዎች «በጀት የለም» ይላሉ፤ እውነት አላቸው። ነገር ግን ከላይ ከተነሡት ሥራዎች ብዙዎቹ ከበጀት በፊት የሚጠይቁት ውሳኔ ነው። መንቀልን መከልከል፣ በጥላ ማድረቅን ማሳየት፣ ከየቀበሌው ናሙና ወስዶ ማስመርመር፣ የኑግ ፋጉሎን አያያዝ ለወተት ማኅበራት ማስተማር። ማጣሪያው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ያኔም ለአንድ ማኅበር ብቻ ሳይሆን በዩኒየን ደረጃ ቢያዝ የገዢውን ዋጋ መደራደር ይቻላል።

ጦስኝ ከግንዱ ተቆርጦ በሚተከል ቁራጭ ይራባል። ቁራጩ ሥር ለመያዝ የክረምቱን ዝናብ ይፈልጋል፤ ስለዚህ መደቡ ከሰኔ በፊት መዘጋጀት አለበት። የወረዳዎች የቀጣዩ ዓመት ዕቅድ የሚዘጋጀውም በእነዚያው ወራት ነው። እስካሁን በአብዛኞቹ የደጋ ወረዳዎች የችግኝ ጣቢያ ዕቅድ ላይ ባሕር ዛፍ፣ ግራርና ጌሾ እንጂ ጦስኝ የሚል መስመር አይገኝም።